የጋሽ ታፈሰ ሦስቱ አብድዩዎች

ጋሽ ታፈሰ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በአስራ አንደኛው ቀን፣ መኪናዬን ለጭስ ምርመራ ሰልፍ አስይዤ ነው። ከኋላዬ የቆመው ታክሲ ነጂ ወርዶ መስኮቴን አንኳኳና "አንቺ፣ ያኔ ኮሌጅ ትሠሪ የነበርሽው ልጅ አይደለሽም? ሽማግሌው እኮ አረፉ" አለኝ። የትኛው ሽማግሌ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላ ጥሩምባ ተነፋብን፣ እሱም ወደ መኪናው ሮጠ። መኪናዬ ምርመራውን አለፈች፤ ወረቀቷን ተቀብዬ ሥራ ገባሁ። ያለቀስኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱም ትንሽ።

ይሄን የምጽፈው ላወድሳቸው አይደለም። ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል። ጋሽ ታፈሰ ደግም ነበሩ፣ ግትርም ነበሩ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ለራስ ምታት የሚዳርጉ ሰው ነበሩ። በሬ ወለደ ብትሏቸው አይስቁም፤ "የተመዘገበበት ቁጥር ስንት ነው?" ነው የሚሉት። አዲስ አበባ ከሃያ ዓመት በላይ መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ኑሯቸው በሱዳን ዞሮ ዴንቨር ሲጥላቸው ደግሞ የአንድ ኮሌጅ ሕንፃ ጠራጊ ሆኑ። እኔም እዚያው ጠራጊ ነበርኩ። ነገሩ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሎውሪ ያለው የጦር ሰፈር ሊዘጋ ነው እየተባለ በሚወራበት ሰሞን። ፈረቃችን ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ነበር። እኔ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነርሲንግ እማር ነበር፤ እሳቸው ከስምንት ሰዓት በኋላ ምን ያደርጉ እንደነበር አላውቅም። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት።

መጥረጊያና ባልዲ የምናስቀምጥበትን ጠባብ ክፍል መዝገብ ቤት አድርገውት ነበር። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ለጥፈዋል፤ "ለመስታወት ብቻ" ይላል አንዱ፣ "ያለ ፊርማ አይወጣም" ይላል ሌላው። እዚያ ሕንፃ ውስጥ አማርኛ የምናነበው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ስለዚህ ያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ለማን እንደተጻፈ ግልጽ ነው።

"ጋሼ፣ እኔን ሌባ አደረጉኝ እኮ" ብላቸው፣

"ሌባ አላልኩም። ዝርክርክ ነሽ" አሉኝ።

ወረቀት ከማንሳታቸው በፊት ሁለት መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ይጠርጋሉ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በምራቅ ነካ ያደርጋሉ። ፊቱን ካነበቡ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። የፒዛ ማስታወቂያ ብትሰጧቸው እንኳ ይገለብጡታል። "ሰው የሚዋሸው በፊቱ በኩል ነው፤ ጀርባውን ማንም አይጠነቀቅለትም" ይሉ ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኛ ጉድ የመጣው በነሐሴ መጨረሻ ነው። የላይብረሪው ምድር ቤት ቧንቧ ፈነዳና የድሮ ዕቃ የተቀመጠበት ክፍል ውሃ ገባው። የክፍሉ ኃላፊ ሚስ ካሮል የምትባል፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ቀጭን ሴት ነበረች። ከረጠቡት ሳጥኖች ሁሉ ያስጨነቋት የአንድ የድሮ እግር ኳስ ቡድን ሳጥኖች ነበሩ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ኮሌጁ አንድ ቡድን ነበረው፤ አንድ ሙሉ ወቅት ተጫውቶ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈ። ኮሌጁ ያን ያህል የሚኮራበት ሌላ ቡድን አልነበረውም መሰለኝ፣ በኅዳር ለሚውለው የምስጋና በዓላቸው፣ ለታንክስጊቪንግ ሰሞን የተጫዋቾቹን ስም በነሐስ ሰሌዳ አስቀርጾ ጂም ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ተዘጋጅቶ ነበር። ዝርዝሩ የሚወጣው ከእነዚያ ሳጥኖች ነው። ሚስ ካሮል ደግሞ በማግስቱ ጉልበቷን ኦፐሬሽን ልትደረግ ቀጠሮ አላት። እኔንና ጋሽ ታፈሰን አስጠርታ ሳጥኖቹን አስረከበችን፤ አንድ ወረቀትም ተወችልን። "አድርቋቸው። ካርዶቹን ከኤ እስከ ዚ በፊደል ተራ አስቀምጡ። በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ" ይላል። ጋሽ ታፈሰ ወረቀቱን አነበቡት፣ ገለበጡት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ዜግነት ቢሰጧቸው እንኳ የማየው አይመስለኝም ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ገመድ ዘርግተን የጋዜጣ ቁራጭና ካርድ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልን። ካርዶቹ ከብዙ ዓመት በፊት የሆነ ሰው ከጋዜጦች ላይ እያነበበ የሞላቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካርድ፤ የኮሌጁም ይሁን የተቃራኒ ቡድን። ስም፣ ቡድን፣ ክብደት፣ መለያ ምልክት።

ጋሽ ታፈሰ ስለ አሜሪካን እግር ኳስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። "ኳሷ ክብ አይደለችም፣ በእግር የሚነካት የለም፣ እግር ኳስ ይሏታል" ብለው ሁለት ቀን ተሳለቁ። በሦስተኛው ቀን መዝገበ ቃላት ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ ያንን ወቅት እንደ ሬዲዮ ይተርኩልኝ ጀመር። ቆዳ ቆብ ያደረጉ፣ ከነጭራሹም ቆብ የሌላቸው ልጆች፤ ሜዳቸውን ራሳቸው በአካፋ እየጠረጉ። ወደ ተራራው ማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ ሊጫወቱ በባቡር ሲሄዱ በረዶ መንገዱን ዘግቶባቸው ቁጭ ብለው አደሩ። አንድ ቅዳሜ ኳሷ የመስኖ ቦይ ውስጥ ገብታ ሁለቱም ቡድን ሱሪውን ሰብስቦ ፍለጋ ወረደ።

"እና ማን አሸነፈ?" እላለሁ ሳንድዊቼን እየጎረስኩ።

"ቆይ እንጂ! ባቡሩ ገና አልደረሰም እኮ!"

እንዲያው ሳልፈልግ እኔም ተያዝኩ። የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው በታንክስጊቪንግ ቀን ነው። በረዶው ከመብዛቱ የተነሳ መስመሩ አይታይም ነበር። ባዶ ለባዶ ሲሄድ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ሆልት የሚባለው ተጫዋች ኳሷን አቅፎ፣ ሦስት ሰው ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎበት እየጎተታቸው የግቡን መስመር አልፎ ገባ። ይሄን ሲነግሩኝ ጋሽ ታፈሰ ከተቀመጡበት ተነስተው ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ ልክ የተንጠለጠለባቸው ሰው ያለ ይመስል ጎንበስ ብለው።

ሚስ ካሮል በክራንች እየተደገፈች ተመለሰች። መሳቢያውን ሳበች። ካርዶቹ ደርቀው፣ ተስተካክለው፣ ጠርዛቸው አንድ ላይ ገጥሞ ተቀምጠዋል። "ግሩም ነው" አለችና የካፒቴኑን ካርድ ልታወጣ እጇን ሰደደች። የለም። ሌላ ፈለገች። እሱም የለም። አንድ አምስት ካርድ አገላበጠች።

"ሒሩት፣ ምንድን ነው ይሄ?"

እኔም ያኔ ነው ያየሁት። ጋሽ ታፈሰ መቶ ምናምን ሰው በራሱ ስም ተራ ደርድረውታል፤ አልበርት፣ አርተር፣ ቻርልስ፣ ኤድዋርድ። የአሜሪካን ሰው የሚዘገበው በመጨረሻ ስሙ እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። ቢነግራቸውም ይቀበሉት ነበር ብዬ አላምንም።

"ከኤ እስከ ዚ ተባልኩ፤ ከኤ እስከ ዚ አስቀመጥኩ" አሉ ቆፍጠን ብለው።

"ጋሼ፣ እነሱ በአባት ስም ነው እኮ የሚደረድሩት።"

"ሰው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም ይፈለጋል እንዴ? ሁለተኛው እኮ የአባትየው ነው! አባትየው መች ኳስ ተጫወተ?"

ተረጎምኩላት። ሚስ ካሮል ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወንበር ፈለገች። የስም ዝርዝሩን ለቀራጩ የምታስረክብበት ቀን ቀርቦ ነበር። ልታለቅስ ትንሽ ነው የቀራት፤ እውነቷን ነው።

"እመልሰዋለሁ በያት" አሉ ጋሽ ታፈሰ። "በሁለት ቀን እመልሰዋለሁ። ግን ከመመለሴ በፊት አንድ ያልተቋጨ ጉዳይ አለ።"

መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ጠረጉና ከመሳቢያው ሦስት ካርድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ሦስቱም ላይ የመጀመሪያው ስም አንድ ነው። እነሱ ኦባዳያ ይሉታል፤ ጋሽ ታፈሰ ግን በመጽሐፍ ቅዱሱ አብድዩ ነው የሚሉት። ያን ያህል ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም አይደለም። አንደኛው አብድዩ ሆልት፤ ያ በበረዶው ሦስት ሰው የጎተተው። ሁለተኛው አብድዩ ማርሽ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለማዕድን ቆፋሪዎቹ ከተማ የተጫወተ ተቃራኒ። ሁለቱም ካርዶች ላይ፣ መለያ ምልክት በሚለው ቦታ፣ "የግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም" ተብሎ ተጽፏል። ሆልት ኤች ጋ፣ ማርሽ ኤም ጋ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ እስከ ዕለተ ምጽአት አይገናኙም ነበር።

ሦስተኛውን ካርድ የጻፉት ራሳቸው ጋሽ ታፈሰ ናቸው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። አብድዩ ሪድ። ከሳጥኖቹ በአንዱ ውስጥ ከጎረቤት ከተማ ከኦሮራ የተላኩ የአንዲት ሴትዮ ደብዳቤዎች ነበሩ። በየጥቂት ዓመቱ የተጻፉ ናቸው፤ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ "አባቴ አብድዩ ሪድ በዚያ ቡድን ውስጥ ተጫውቷል። ትንሿ ጣቱ አልነበረችም።" ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ጋር የመልሱ ኮፒ ተያይዟል፤ "በመዝገባችን ሪድ የሚባል ተጫዋች የለም።" የመጨረሻዎቹን ሁለት መልሶች የፈረመችው ሚስ ካሮል ናት።

ፊርማዋን አየችው። ፊቷ ቀላ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብላ አስረዳችን። ያን ጊዜ ከቡድን ቡድን እየዞሩ፣ በየሄዱበት ስም እየለወጡ፣ ተማሪ ሳይሆኑ ተማሪ ነን እያሉ ተከፍሏቸው የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ጊዜ የሚለውጡት የመጨረሻውን ስም ነው። ሜዳ ላይ ሲጠሯቸው ዞር እንዲሉ የራሳቸውን ስም ይተዉታል።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጋሽ ታፈሰን ይዤ ኦሮራ ሄድኩ። ሚስ ካሮል ደውላ ነግራልን ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ጠበቁኝ፤ ለምስክርነት የተጠሩ ነበር የሚመስሉት። ደብዳቤዎቹን የጻፉት ሚስስ ኤድና የሎውሪ ጦር ሰፈር አጥር የሚታይበት ትንሽ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ በዊልቼር የሚንቀሳቀሱ፣ ድምፃቸው ግን የኮማንደር። ከቆርቆሮ ሣጥን ብስኩት አውጥተው አቀረቡልን። ገና ሳንቀምሰው ወሬውን ጀመሩ።

አባታቸው ያንን የበረዶ ጨዋታ በየዓመቱ በታንክስጊቪንግ ቀን ያወሩ ነበር። አንድ ጊዜ የሚስስ ኤድና ወንድም ኮሌጁ ድረስ ሄዶ ዝርዝሩን አየና ሪድ የሚባል እንደሌለ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ አባትየውን መሳቂያ አደረጋቸው። ጎረቤት ሳይቀር "ዛሬስ ስንት ሰው ጎተትክ?" ይላቸው ነበር። እሳቸውም ማውራቱን ተዉ። ሌላ ስም ይጠቀሙ እንደነበር ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ።

"ለምን አልነገሩም?" አልኩ።

"አያቴ ሰባኪ ነበር" አሉ ሚስስ ኤድና። "ልጁ ስሙን ጥሎ በገንዘብ እንደተጫወተ ከሚሰማ፣ አባቴ ውሸታም መባልን መረጠ መሰለኝ።" ቀጥለው ጋሽ ታፈሰን እያዩ፣ "ጀግና ነበር በሉልኝ አላልኩም። ውሸታም አልነበረም በሉልኝ። ሐኪሜ እስከ ገና በዓል እንደምቆይ እንኳ ቃል አልገባልኝም" አሉ።

ፎቶ አመጡ። ጋሽ ታፈሰ መዳፋቸውን ጠርገው ተቀበሉ። ሰውዬው ትንሽ ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጧል፤ ግራ እጁ ልጅቷን አቅፏል፤ አራት ጣት። ገለበጡት። ጀርባው ላይ በእርሳስ "አብድዩ ሪድ ከኤድና ጋር" የሚል አለ። ጋሽ ታፈሰ ያንን ጽሑፍ እስኪሰለቸኝ ድረስ ነው ያዩት።

ስንመለስ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ "የዜግነቱ ኢንተርቪው ላይ ስለ ስም ምን ምን ይጠይቃሉ?" አሉኝ። ቀጠሯቸው ኅዳር ውስጥ ነበር።

"ሌላ ስም ተጠቅመው ያውቃሉ ወይ ይላሉ። መሐላ አስምለው ነው የሚጠይቁት።"

"ካሳ አባቴ አይደለም" አሉ።

መኪናዋን አንድ ጎማ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩ። ካርቱም አራት ዓመት ቆይተው ጉዳያቸው አልንቀሳቀስ ብሏቸው፣ ሰሎሞን ካሳ የሚባል የሠፈር ልጅ የስደት ኬዙ ሲያልፍለት "ታላቅ ወንድሜ ነው" ብሎ ፎርሙ ላይ አስገባቸው። እንዲህ ነው ታፈሰ ካሳ የሆኑት። ባጃቸው ላይ፣ ሶሻል ሴኩሪቲያቸው ላይ፣ ቼካቸው ላይ ካሳ።

"ጋሼ፣ እንደዚያ ያልመጣ ማን አለ? ግማሹ ኦሮራ የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ነው የመጣው እኮ!"

"ስለ ግማሹ ኦሮራ አልጠየቅኩሽም። አባቴ ያኔ በሕይወት ነበር። እሱ በሕይወት እያለ የሌላ ሰው ልጅ ነኝ ብዬ ፈረምኩ" አሉ።

የአባታቸውንም ስም አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። "ይሄ ነገር ከዚህ መኪና እንዳይወጣ" አልኳቸው። "ወረቀትዎ ውስጥ ውሸት አለ ካሉ ዜግነቱ ቀርቶ መባረርም አለ።" አንገታቸውን ነቀነቁ። ተስማማን ብዬ ነበር።

ስብሰባው የተደረገው በጥቅምት፣ የኮሌጁ ስፖርት ኃላፊ ቢሮ ውስጥ ነው። ሚስ ካሮል ፎቶውንና ካርዶቹን ይዛ ገባች፤ ጋሽ ታፈሰ ሰማያዊ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፤ እኔ ለማስተርጎም። ኃላፊው ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ክፉ አልነበረም። ሁሉንም በትዕግሥት አየ። ከዚያ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ሆልት እንደሆነ፣ ሆልት ሆኖም እንደሚቀር ተናገረ። ሪድ ብለን ከቀረጽን ቡድኑ ተማሪ ያልሆነ ሰው በገንዘብ አሰልፏል ማለታችን ነው፤ ያ ሁሉ ወቅት ገደል ይገባል አለ።

"አንድ ስምና አንድ ጣት ነው ያላችሁ" አለ። "ያን ጊዜ ማዕድን ውስጥ ጣቱ ያልተቆረጠ ማን ነበር? ደግሞስ ጨዋ ሰው የገዛ አባቱን ስም ለምን ይክዳል? እኔ አይገባኝም።" ወደ ጋሽ ታፈሰ ዞሮ በትሕትና፣ ካርዶቹን እንደ ድሮው እንዲመልሷቸው ጠየቃቸው።

ሚስ ካሮል መነጽሯን ታሻሽ ጀመር። እኔ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ፤ አለቀ ብዬ። ጋሽ ታፈሰ አልተነሱም።

"ንገሪልኝ" አሉኝ። "ሰው የአባቱን ስም የሚለውጠው አባቱን ስለካደ አይደለም በይው። እኔ ራሴ ለውጫለሁ፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ በይው።"

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ተረጎምኩ። ሁለተኛውን ዋጥኩት። ጋሽ ታፈሰ ጠበቁኝ። እንግሊዝኛቸው ደካማ ነው ብዬ እተማመን ነበር፤ ለካስ ስንት ቃል እንደቀረ ለመቁጠር ይበቃል።

"ሁለተኛውስ?"

"ጋሼ፣ በማርያም ይተዉት። ቀጠሮዎ እኮ የፊታችን ወር ነው!"

ደረታቸው ላይ ያለውን ባጅ ያዙት። ጣታቸውን ከሁለተኛው ስም ሥር አደረጉ። በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ አንድ አንድ ቃል እያስቀመጡ፣ "ይሄ ስም አባቴ አይደለም። ለመምጣት ነው። አባቴን እወዳለሁ" አሉ።

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ተናድጄም አላውቅም። ለማያውቁት፣ ከሰማንያ ዓመት በፊት በረዶ ላይ ለሮጠ ሰውዬ ብለው! ሚስ ካሮል ተነሳችና ያለ ክራንቿ እያነከሰች ሄዳ በሩን ዘጋችው። ኃላፊው ባጁን አየ፣ እኔን አየ፣ ጋሽ ታፈሰን አየ። በኋላ "አሁን የተባለውን እኔ አልሰማሁም" አለ፤ ድምፁ ግን የሰማ ሰው ድምፅ ነበር። ትንሽ ቆይቶ፣ "ሪድ ግን አልችልም። እውነቴን ነው፣ አልችልም" አለ።

"እንግዲያው ሆልትም አትበል" አለች ሚስ ካሮል። "አባቱ ያልሆነውን ስም አትቅረጽበት። እሳቸው እንደደረደሩት፣ በራሱ ስም ብቻ ጻፈው።"

እስከ ኅዳር ድረስ ጋሽ ታፈሰ እንቅልፍ ያላቸው አይመስለኝም። ስልክ ሲጮህ ይደነግጡ ነበር። በር ላይ ፖሊስ ሲያልፍ ባልዲያቸውን ይዘው ጓዳ ይገባሉ። እኔም በሆዴ ይበልዎት እያልኩ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሲያመኝ ነበር የከረምኩት። ለኢንተርቪው እኔው ወሰድኳቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀት ይዘው ወጡ። አልፈዋል።

"ስለ ስም ጠየቋችሁ?" አልኩ፤ ከድንጋጤዬ የተነሳ አንቱታውን በብዙ ቁጥር ቀይሬዋለሁ።

"ጠየቁኝ።"

"ምን አሉ?"

"ሌላ ስም ተጠቅሜ አላውቅም አልኩ።" ቀኝ እጃቸውን፣ ለመሐላ ያነሱትን፣ ጭናቸው ላይ ደጋግመው ጠረጉት። ወረቀት አልያዙበትም ነበር። እንኳን ደስ ያለዎት ማለት አፌ ላይ ቀረ።

ሰሌዳው የተሰቀለው በሳምንቱ ነው። ጂሙ ውስጥ ሃምሳ ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ኬክ፣ የፕላስቲክ ብርጭቆ፣ ማይክሮፎን የሚጮህበት ንግግር። ጋሽ ታፈሰ ያንን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባጃቸውን ሳያደርጉ፣ ከኋላ ቆሙ። ሚስስ ኤድናን በዊልቼር እየገፋሁ ሰሌዳው ሥር አደረስኳቸው። ዕቃ እንደሚዳስስ ሰው ስሞቹን በጣታቸው ዳሰሷቸው። ሁሉም ስም ሁለት ቃል ነው። አንዱ ብቻ አንድ ቃል ነው፤ ኦባዳያ። ከአጠገቡ ባዶ ነሐስ።

"ሪድ የት አለ?" አሉ። ድምፃቸው ያ የኮማንደር ድምፅ አልነበረም።

ሚስ ካሮል ልታስረዳ ጎንበስ አለች። ጋሽ ታፈሰ ከኋላ መጡ። "በእኛ አገር የሰው ስሙ ይሄ ነው በያቸው" አሉኝ። "ሌላው የአባቱ ነው። አባትዎን በራሳቸው ስም ነው የጻፏቸው። ሌላ ሰው አይደሉም፤ እሳቸው ናቸው። አልዋሹም በያቸው።"

አንዱንም ሳላስቀር ተረጎምኩ። ሚስስ ኤድና ጣታቸውን ከስሙ ላይ አላነሱም። አለቀሱ፤ ድምፅ አውጥተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሲበቃቸው አፍንጫቸውን ጠርገው ወደ ጋሽ ታፈሰ ዞሩ።

"እርስዎስ ስምዎ ማን ነው? የማመሰግነውን ሰው ስሙን አላውቅም እኮ።"

"ታፈሰ" አሉ።

"ታፈሰ ማን?"

የስፖርት ኃላፊው ኬክ ይዞ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ጋሽ ታፈሰ አዩት። እሱም አያቸው። ከዚያ ሳህኑን ይዞ ወደ ሌላ ሰው ዞረና ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ።

"ታፈሰ ወልደ ሰንበት" አሉ።

ሦስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ የአባታቸውን ስም ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሚስስ ኤድና ለመድገም ሞክረው አቃታቸው፤ ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡና የዕለቱን ፕሮግራም ጀርባ ገለበጡ። ጋሽ ታፈሰ አጠገባቸው በርከክ ብለው፣ እንዳይሳሳቱ ቀስ እያሉ፣ ፊደል በፊደል አስጻፏቸው። ሲጨርሱ ወረቀቱን ተቀብለው ከፊደል ፊደል አነበቡት።

"ልክ ነው" አሉ፣ መልሰውም ሰጧቸው።